የሓርማዝ ፖምፓና የተስፋማርያም ጭፈራ

ረቡዕ ጠዋት ተስፋማርያም ከመኪናዋ ሆድ ሥር በጀርባው ተንሸራትቶ ሲወጣ፣ ፊቱ ላይ ከዓይኑና ከጥርሱ በቀር ንጹሕ ቦታ አልነበረም። ግሪሱን በክንዱ ልጥረግ ብሎ ክንዱ ላይ የነበረውንም ጨመረበት። ግድ አልሰጠውም። ስልሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው መሆኑን ረስቶ ብድግ አለና፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማው ጮኸ።

«አለቀች! አንዲት ነገር ብቻ ቀረች እንጂ አለቀች!»

ሚስቱ ኣርሴማ ከጓዳ ብቅ አለች። «ያቺን አንዲት ነገር ሳታመጣ አለቀች አትበል» አለችው። «ዛሬ ረቡዕ ነው። ሰርጉ እሑድ ነው። እናቴን ቅዳሜ ካላመጣህልኝ እኔም አንተን አላውቅህም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ የልጃቸው የትምኒት ሰርግ ነው። የኣርሴማ እናት ኣደይ ብርኽቲ የሚኖሩት ደግሞ ከውቅሮ አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱን ለቀው በሚገቡበት፣ ዓዲ ቆልቋል በምትባል መንደር ነው። ትምኒትን እስከ ሰባት ዓመቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ወደ መንደሪቱ የሚያስገባው መንገድ፣ እሱም መንገድ ከተባለ፣ አሸዋና ቋጥኝ የሞላበት የደረቀ ወንዝ ነው። ባጃጅ አይሞክረውም፤ ሚኒባስ ገና ከሩቅ ሲያየው ይመለሳል። ከጦርነቱ ወዲህ ኣደይ ብርኽቲ መቀለን አላዩም። ትምኒት ግን ቁርጧን ተናግራለች፤ አያቴ በእጇ ሳትመርቀኝ ከአባቴ ቤት አልወጣም ብላለች። የልጅቱን ግትርነት የሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። ከማን እንደወረሰችውም ያውቃል።

ያንን ወንዝ የሚደፍር ፍጡር ካለ ሓርማዝ ብቻ ናት።

ሓርማዝ በትግርኛ ዝሆን ማለት ነው። ስሙን ያወጣላት በመቀለ የሰሜን ሰፈር ሰው ነው። ዕድሜዋ ከትምኒት የሚበልጥ፣ አረንጓዴ ቀለሟን ፀሐይ አመድ ያስመሰለው ላንድክሩዘር ናት። ተስፋማርያም ሠላሳ ዓመት ከብት ሲከትብ የኖረ ሰው ነው፤ የክትባቱን ሣጥን ከኋላ ጭኖ እሷን እየነዳ ያልወጣው ተራራ፣ ያልወረደው ቁልቁለት የለም። መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ ለጨረታ ሲያወጣት፣ ሌላው ሰው ቁርጥራጭ ብረት ሲያይ እሱ ሓርማዝን አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሌላ ሰው እጅ ነክቷት አያውቅም። ጋራዥ ውሰዳት ሲሉት «ላሜን ሰው ያልብልኛል እንዴ?» ይላል።

ጦርነቱ መጥቶ መሣሪያ የያዘ ሁሉ መኪና ሲፈልግ ጊዜ፣ የመቀለ ሰው ብዙ ዘዴ ዘየደ። ጎማ ያወለቀ አለ፣ ባትሪ የቀበረ አለ፣ መኪናው ላይ ጭድ የከመረ አለ። ተስፋማርያም ግን ነገር በግማሽ መተው አያውቅምና፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሓርማዝን ፈታትቶ ለሰፈሩ አከፋፈላት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? አንዱ ቤት ጎማ ገባ፣ አንዱ ቤት ራዲያተር፣ አንዱ ቤት ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ። በሮቹን የተቀበለው ሰው የዶሮ ቤት ሠራባቸው። መሪው የደረሰው ለመምህር በላቸው ነው። በላቸው የጎንደር ልጅ ነው፤ በመቀለ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ያስተምራል፤ ጦርነቱ መውጫ ቢያሳጣው ከሰፈሩ ጋር ተርቦ ከሰፈሩ ጋር የኖረ ሰው ነው። መሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ልብሱን ሲያንጠለጥልበት ከረመ።

ዋናው ግን ፖምፓው ነው። ናፍጣውን በልኩ እየመጠነ ወደ ሞተሩ የሚረጨው እሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ሓርማዝ የብረት ክምር ናት። ተስፋማርያም ብዙ አሰበና ፊት ለፊቱ ለምትኖረው ለኣስካል ሰጣት። ኣስካል ባሏ በወጣትነቷ የሞተባት፣ አንድ ልጇን ጎደፋን ይዛ የቀረች ሴት ናት። በሰፈሩ ሰርግ ሁሉ ከበሮ የምትመታው እሷ ነበረች። ሌላው ጠባይዋ ቃል ነው። አንዴ እሺ ካለች ሰማይ ቢወድቅ አታፈርስም።

«በማርያም ማይልኝ» አላት ያን ቀን። «ማንም ቢጠይቅሽ አትስጪ። እኔ ራሴ ብመጣ እንኳ አትስጪኝ፤ ከኋላዬ ጠመንጃ ሊኖር ይችላል።»

«ታዲያ በደህና መምጣትህን በምን ዐውቃለሁ?»

ተስፋማርያም አሰበ። ቃል ቢነጋገሩ ቃል በዱላ ይወጣል። ምልክት ቢሰጣት ምልክት ይቀማል። በመጨረሻ ብልህ የመሰለው ነገር መጣለት።

«እየጨፈርኩ ከመጣሁ ስጪኝ። ጠመንጃ የተደገነበት ሰው አይጨፍርም።»

በሩን ተደግፎ ይሰማ የነበረው ጎደፋ በሳቅ ፈረሰ። ተስፋማርያም በገዛ ሰርጉ እንኳ እንደ ስልክ እንጨት ተገትሮ የዋለ ሰው ነዋ! «ኣቦይ ተስፋይ ሲጨፍር ይቺን ዓይኔን ሳላሳያት አልቀርም» አለ ጎደፋ እንባውን እየጠረገ። ኣስካልም እየሳቀች ማለች።

ዘዴው እንደሆነ ሠርቷል። አንድ ቀን መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ተስፋማርያምን ከፊት አስቀድመው ደጇ ላይ አቆሙት። እሱም ነፍሱ ጨንቋት «ሓፍተይ ኣስካል፣ እህቴ፣ ያንን ፖምፓ ስጪያቸው» አላት። ኣስካል ፊቱን አላየችም። እግሩን ነው ያየችው። እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ፖምፓ ምንድን ነው? የውሃ ነው?» አለች። ሰዎቹ ቤቱን በርብረው፣ ለተስፋማርያምም ሁለት ጥፊ ትተውለት ሄዱ።

ጎደፋም ከዚያ በኋላ ከእኩዮቹ ጋር ወጣ። አልተመለሰም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ መርዶው ሲመጣ ኣስካል ጥቁር ለበሰች፤ ከበሮዋንም ግድግዳ ላይ ሰቅላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ያች ጎዳና ላይ መርዶ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ሰርግ ቢኖርም ተመርቆ፣ ተበልቶ ይበተን ነበር እንጂ የከበሮ ድምፅ አልተሰማባትም።

እንግዲህ የተስፋማርያም ጉድ ይህ ነው። ብልህ ነኝ ብሎ የቋጠራት ቋጠሮ ራሱን ጠልፋ ያዘችው። መጨፈር አለመቻሉ ትንሹ ችግር ነው። ልጇን ያጣች እናት ደጃፍ ላይ ሄዶ እንዴት ብሎ ይጨፍር?

ስለዚህ ሰርጉ ከተቆረጠ ጀምሮ ፖምፓውን ለመጨረሻ አቆይቶ ሌላውን ሁሉ ሠራ። ሥራው ደግሞ አስደሰተው፤ ከደስታም አልፎ አሰከረው። የሰፈሩ ሰው የተሰጠውን ዕቃ አንድ ሳያጎድል ይዞ መጣ። አንዷ ባልቴት አራት ዓመት ሙሉ የትራስ ልብስ አልብሳ ያቆየችውን ማርሚታ ታቅፋ ስትመጣ ባየ ጊዜ፣ ሆዱ ባብቶ ወደ ኮፈኑ ጎንበስ አለ። የጭስ መውጫ ቧንቧ በትራስ ልብስ! ከዶሮ ቤቱ የመጡት በሮች ላይ ያለውን ኩስ ለመፋቅ ብቻ አንድ ቀን ፈጀ። መሪዋን በላቸው ራሱ መልሶ አሰረ፤ የተቆራረጠውን የመብራት ሽቦም አንድ በአንድ እየለየ ቀጠለ።

ተስፋማርያም መጠገን ብቻ አልበቃውም። ከዚህ በፊት ያልነበራት ነገር ሁሉ ይኑራት አለ። ከኋላ ያሉት ባሌስትራዎች፣ ጭነት የሚሸከሙት ድርብርብ ብረቶች፣ አርጅተው ጎብጠው ስለነበር ከተጣለ የጭነት መኪና ያገኘውን አንዳንድ ብረት ጨመረላቸው። ሓርማዝ አንድ ስንዝር ከፍ አለች። ወንዙ ድንገት ውሃ ቢኖረው ብሎ የሞተሩን አየር መሳቢያ በውሃ ቧንቧ ቀጥሎ እስከ ጣራዋ አወጣው። የፊቱን ወንበር አውጥቶ፣ ከተሰበረ ሚኒባስ የተገኘ ለስላሳ ወንበር ተከለበት። እነዚህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው ኣርሴማ ወገቧን ይዛ የጠየቀችው።

«ከፍ አደረግካት፤ ጎበዝ። እናቴ በምን ትወጣ? በመሰላል?»

ለዚህ አላሰበም። ሳቁ መጣ፤ አፈረም። ከዚያ ከተጣለ የአልጋ ብረት ሁለት እርከን ያለው መወጣጫ ቆርጦ በየደ፤ እግር እንዳያንሸራትት የጎማ ቁራጭ አለበሰው። ለእጅ መያዣ የአልጋውን ራስጌ ጌጥ በበሩ ጎን ገጠመ። ኣርሴማ ወጥታ ወርዳ ሞከረችው። ሦስት ጊዜ ሞከረችው። «አልጋ ላይ የምወጣ መሰለኝ» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ሙገሳ ነው።

እና ረቡዕ ጠዋት ፖምፓው ብቻ ቀረ።

እጁን ሳይታጠብ መንገዱን ተሻገረ። ባለፈው ሳምንትም ሞክሮ ነበር፤ እንደ ጨዋ ሰው ሰላምታ ሰጥቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ስለ ሰርጉ አውርቶ፣ በወሬ መሃል «ያቺን ዕቃ…» ሲል ኣስካል ወሬ ቀይራበታለች። ዛሬ በግልጽ ጠየቃት። እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በትልቁ የዱቄት በርሜል ላይ ሽሮ እየነፋች ነበር።

«ሓፍተይ ኣስካል፣ ፖምፓዬን ስጪኝ። ኣደይ ብርኽቲን ቅዳሜ ማምጣት አለብኝ።»

ኣስካል ቀና ብላ አላየችውም። «ውላችን እንዴት ነበር?»

«ጦርነቱ አለቀኮ!»

«መሐላዬ አላለቀም።»

«ሓፍተይ…» አለ ተስፋማርያም። «እዚህ ደጃፍ ላይ እንዴት አድርጌ ልጨፍር? በጎደፋ ደጃፍ?»

ስሙ ሲነሳ ወንፊቷን አስቀመጠች። መንገደኛ ቆመ፤ በላቸው ወደ ሥራ የሚሄድበትን መንገድ ትቶ ቀረብ አለ፤ ኣርሴማ ከበሯ ላይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ያን ቀን የሳቀው ማን ነበር?» አለች ኣስካል። «አንተ ስትጨፍር ሊያይ የፈለገው ማን ነበር? ጠመንጃ ይዘው ሲመጡ ያልሰጠሁትን ፖምፓ፣ አንገትህን ደፍተህ ስትመጣ ልሰጥህ? አንገት ደፍቶ የሚመጣ ሰው ጠግቤያለሁ፣ ተስፋይ። መርዶው ከመጣ ወዲህ ይህን በር የሚያንኳኳ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው። ልጄ ቃል የተገባለት ሌላ ነው።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ተስፋማርያም ወደ ኋላው አየ። መሸሻ የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል። ግሪስ የጠጣ እጁን አንዴ አጨበጨበ። ደግሞ አጨበጨበ። ቀኝ እግሩን ወደፊት አደረገ፤ ግራው ተከተለ። ከበሮ የለ፣ ዘፋኝ የለ። ትከሻውን ሰበቅ ሲያደርገው ዝገት እንደያዘው ቡሎን እምቢ አለው። ከሰው መሃል ሳቅ አፈትልኮ ወጣ፤ የሳቀው ሰው ደንግጦ አፉን ሸፈነ።

ያኔ ዱም! የሚል ድምፅ መጣ።

ኣስካል ነጭ ሽሮ በነካው መዳፏ የዱቄቱን በርሜል መታችው። ዱም፣ ዱም-ዱም። ምቱ የሰፈሩ ነው፤ ጆሮ አልረሳውም። ተስፋማርያም ዙሪያውን መዞር ጀመረ። ትከሻው ተላቀቀ፤ እንዴት እንደተላቀቀ እሱም አያውቅም። በላቸው ገባ፤ የጎንደሩን እስክስታ ከትግራዩ ጓይላ ጋር ደባልቆ ጉድ አፈላ። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሁለተኛዋ ተቀበለቻት። ኣስካል እያለቀሰች ትመታለች፤ እየመታች ትስቃለች። ተስፋማርያምም ያለቅስ ነበር። ቢጠይቁት ግሪሱ ዓይኔ ገብቶ ነው ባለ።

ጭፈራው ሲበርድ ኣስካል በርሜሉን ወደ ጎን አዘነበለች። ከዱቄቱ ሥር፣ አፉ በሰም የታሸገ የዘይት ቆርቆሮ አወጣች። ፖምፓው ዘይት ውስጥ ተኝቶ አንዲት የዝገት ነጥብ ሳይነካው፣ አራት ዓመት ሙሉ እንጀራዋ ከሚጋገርበት ዱቄት በታች ነበር። «በል፣ አደራህን ተቀበል» አለችው።

ያን ቀን ተስፋማርያም ምሳ አልበላም። ፖምፓውን ሲያወልቅ በምስማር ጭሮ ያደረገው ምልክት ነበረ፤ አንዱ ጭረት ፖምፓው ላይ፣ ሌላው ሞተሩ ላይ። ሁለቱ ፊት ለፊት ካልገጠሙ ናፍጣው ያለ ሰዓቱ ይረጫል፤ ሞተሩም ከውስጥ እንደሚደበድቡት ሰው ይንኳኳል። ተስፋማርያም ከዚህ ኳኳታ የበለጠ የሚፈራው ነገር የለም። ይሁንና ደስታ አጣደፈው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጋሽ ተስፋይ። ይረጋጉ እንጂ!» አለው በላቸው።

«ተረጋግቻለሁ!» እያለ ቡሎኑን በጥድፊያ ያጠብቃል።

ሐሙስ ጠዋት አየሩን ከናፍጣው መስመር በእጅ እየገፉ አስወጡ። ከሚኒባስ ሾፌር የተዋሱት ባትሪ ደከመና ሰፈሩ ተጠርቶ ገፋ። «ግፉ! ግፉ!» ሓርማዝ አስነጠሰች፣ አሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ተነሳች! እልልታው ግን ሳያልቅ ኳ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከኮፈኑ ሥር መጣ። ተስፋማርያም አጠፋትና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ለካስ ሞተሩ ላይ በምስማር የጫረው ጭረት ሁለት ነበር፤ የመጀመሪያውን ተሳስቶ ጭሮ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ደግሞታል። ያሰረው በስሕተቱ ላይ ነው። በላቸው «አላልኩም?» አላለም፤ ቁልፉን ብቻ አቀበለው። ዐርብ እኩለ ቀን ላይ እንደገና ገፏት። አሁን ድምፅዋ እንደ ዱሮው ሆነ፤ ወፍራም፣ እኩል፣ ኳኳታ የሌለው። ተስፋማርያም መሪዋን አቅፎ ግንባሩን ደገፈበት።

ቅዳሜ ማልዶ ወጣ። ውቅሮን አልፎ አስፋልቱን ለቀቀ። ወንዙ ውስጥ ሲገባ ሓርማዝ ጎማዋን አሸዋው ላይ ሰካች፣ ቋጥኙ ላይ ጎኗን አዘነበለች፣ ባሌስትራው ሲጥ አለ፤ ወጣች። «ሂጂ እናቴ! ሂጂ!» እያለ ብቻውን ይጮኻል። በዓዲ ቆልቋል ሰው ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው።

ኣደይ ብርኽቲ በምርኩዛቸው መወጣጫውን ነካ ነካ አደረጉት። «ይቺ በሬዬን ልትከትብ የምትመጣው አይደለችም?»

«እሷው ናት፣ ኣደይ።»

«እንግዲያስ እኔንም ትከትበኝ» አሉና የአልጋውን ጌጥ ጨብጠው፣ አንድ፣ ሁለት ብለው ወጡ። ማንም አልደገፋቸውም። ወንበሩ ላይ ተደላድለው ሲቀመጡ ተስፋማርያም ከትምኒት መወለድ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ መቀለ ገቡ። ሁሉም ነገር ተሳክቷል፤ ወደ ቤቱ ሁለት መቶ ሜትር ቀርቶታል። ወደ ጎዳናቸው ሲታጠፍ ያንን ድምፅ ሰማ። ዱም። ዱም። ኳኳታው ተመልሷል! ወንዙ ፖምፓውን አላልቶበት ይሆናል፤ አሁን ሞተሩ ሊፈነዳ ነው። መኪናዋን መንገዱ መሃል አቆመና ቁልፉን አጠፋ።

ሓርማዝ ዝም አለች። ድምፁ ግን አላቆመም።

ዱም፣ ዱም-ዱም።

«ምን ሆንክ፣ ተስፋይ ወደይ፣ ልጄ?» አሉት ኣደይ ብርኽቲ። «ከበሮ አታውቅም እንዴ?»

ቀና ብሎ አየ። ኣስካል ጥቁሩን አውልቃ ነጭ ለብሳ፣ ከግድግዳ የወረደውን ከበሮ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ትምኒትና ኣርሴማ ከኋላዋ ናቸው፤ ሰፈሩ ከእነሱ ኋላ። ተስፋማርያም በሩን ሳይዘጋ ወረደ። አጨበጨበ፤ ወደ እሷ መሄድ ጀመረ።

ኣስካል እግሩን አየች። አየችና ምቱን አፈጠነችው።